ደጋ ላይ የቀረችው ቀይ ወፍ

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ የማወራላችሁ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለች አንዲት ወፍ ነው። ኢኢዊ ትባላለች። አገሯ ሃዋይ ነው፤ ሌላ ቦታ አትገኝም።

ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላባዋ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር። ረጅምና ቆልመም ያለ መንቁር አላት፤ አበባ ውስጥ ከትታ ጣፋጩን ትመጥበታለች። የጥንት የሃዋይ ባላባቶች ካባቸውን የሚያሠሩት ከእሷ ላባ ነበር። በጣም ነው የምታምረው!

ይቺን ወፍ የሚጨርሳት ወባ ነው። አዎ፣ ወባ። ሰው የሚይዘው ሳይሆን የወፎች ወባ። ሃዋይ ድሮ ትንኝ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በመርከብ ገባ። በሽታውም ኋላ ተከተለ። የአገሩ ወፎች ለምደውት ስለማያውቁ መቋቋም አልቻሉም። በሽታው ያለበት ትንኝ ከነከሳቸው ከ10 ኢኢዊ 9ኙ ያህል ይሞታሉ።

ቆላ የነበሩት አለቁ። ደጋ ያሉት ተረፉ፤ ብርዱ ለትንኙም ለበሽታውም አይመችማ። ይሄንን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ከደጋ ወርዶ መተማ ወይ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የሄደ ወጣት ወባ ይዞት ሲመለስ ስንቶቻችን አይተናል።

አሁን ግን ደጋውም እየሞቀ ነው። ትንኙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከሃዋይ ደሴቶች ካዋይ የምትባለውን ውሰዱ፤ የተራራዋ ጫፍ 1,598 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ያለች ወፍ ከዚህ በላይ ወዴት ትሽሽ? እውነት ለመናገር፣ ይቺ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ደስ የሚል ነገርም አለ። ማዊ በምትባል ሌላ የሃዋይ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወንድ ትንኞችን በሄሊኮፕተር ጫካው ላይ ይለቃሉ። ወንድ ትንኝ አይናከስም። እነዚህ ደግሞ ልዩ ባክቴሪያ ስላላቸው፣ ከዱር ሴት ትንኞች ጋር ሲዳቀሉ እንቁላሉ አይፈለፈልም። ትንኝ በትንኝ! «ተፈጥሮን አትነካኩ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ትንኙን እዚያ ያደረሰው ሰው ነው፤ ማስወጣቱም የሰው ዕዳ ነው። ሥራው ግን ለአንድ ሰሞን ተደርጎ የሚተው አይደለም፤ ሳያቋርጡ መልቀቅ ይጠይቃል። ገንዘቡ መሃል ላይ እንዳያልቅባቸው ነው የምጸልየው።