«አንድ ዘፈን እንኳ አትችልም?»
(በህንዷ ከተማ ቪሳካፓትናም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው በሰው አገር ልጅ ስለማሳደግ እንድናገር ጋብዞኛል። አመሰግናለሁ። እኔ ግን ልጄ ስለምትማረው ዜማ፣ ካርናቲክ ስለሚባለው የደቡብ ህንድ ጥንታዊ ሙዚቃ ላውራ። ባለፈው ፋሲካ እዚሁ አዳራሽ ስለሆነውም ጭምር።

አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። «የህንድ ዘፈን ትማራለች አሉ፤ እስቲ ታሰማን» ተባለ። አምስት ዓመቷ ነው። ወንበር ላይ አወጣችኋት፤ ስልክ ተደገነባት። እሷም እግሯን አጣጥፋ ቁጭ አለች። ጭኗን በመዳፏ መታ እያደረገች «ሳ ሪ ጋ ማ ፓ ዳ ኒ ሳ» እያለች፣ ድምፆቹን በስማቸው እየጠራች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ወጣች። መልሳ ወረደች። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ሳቃችሁ። «ስድስት ወር ተምራ አንድ ዘፈን እንኳ አትችልም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዱማ የፊልም ዘፈን ከፍቶ «ይሄንንስ?» አላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት አፏን አልከፈተችም።

ያ ስድስት ወር ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የጀመረችው በዳሳራ በዓል ነው። እዚህ አገር ልጅ ለትምህርት የሚሰጥበት መልካም ቀን ነው ይላሉ። ሙዝ፣ ኮኮናትና አበባ ይዘን ታችኛው ፎቅ ወዳሉት መምህር ሄድን። በዚህ አካባቢ ቋንቋ በቴሉጉ የእናት እናት «አማማ» ስለምትባል ልጄ «እማማ» ነው የምትላቸው። እኛም እማማ አልናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት «ሳ» ብቻ ነበር። ከኋላ ሳያቋርጥ የሚያዜም የታምቡራ፣ ባለ አውታር የሆነው የህንድ መሣሪያ ድምፅ አለ፤ የልጅቷ «ሳ» እዚያ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ትይዘዋለች። ቀጥሎ ሰባቱ ድምፆች መጡ። «ሪ» ለ«ሳ» በጣም ቅርብ ናት፤ ከ«ሪ» ወደ «ጋ» ደግሞ ሰፊ ዝላይ ነው። ልጄ «ሪ»ን ሁልጊዜ ከፍ አድርጋ ትይዛት ነበር። ምቱን በእጅ መቁጠርም አለ። ስምንት ምት ነው፤ አንዴ ማጨብጨብ፣ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ሦስት ጣት መቁጠር፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብና መዳፍ መገልበጥ። የቀለበት ጣቷ ብቻዋን አልንቀሳቀስ ብላ ስንት ቀን አስለቅሳታለች! ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስንሄድ አውቶ ሪክሻ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ስትቆጥር ይሰማኛል።

ይሄ ነው «ምንም አትችልም» የተባለው።

እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ሀሁ የሚቆጥር ልጅ ፊት ዳዊት ዘርግቶ «አንብብ» የሚል የኔታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊደል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ስንቶቻችን በዚያ መንገድ አልፈን ነው ዛሬ እዚህ ለዶክትሬት የደረስነው! ታዲያ ለልጆቻችን ሲሆን ምን አስቸኮለን? ይህን የልምምድ ቅደም ተከተል የደነገጉት እ.ኤ.አ. በ1564 ያረፉት የዜማ ደራሲ ፑራንዳራ ዳሳ ናቸው ይባላል። ይህን ሙዚቃ የሚማር ልጅ ዛሬም በዚያው ይጀምራል። እኛ አንድ ምሽት መታገሥ ያቅተን? ልጅ ለቪዲዮ አይዘፍንም!

ዝም ባለችበት ጊዜ እማማ አልለመኗት፣ አልተቆጧት። በትምህርቷ ሰዓት አጠገባቸው ያስቀምጧታል። የካሪ ቅጠል አብረው ይቀነጥባሉ፤ እሳቸው ይዘፍናሉ። አንድ ቀን እማማ «ሪ»ን ከፍ አድርገው ሳቱ። አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ልጄ ቅጠሉን ጣለችና «አይደለም፣ ዝቅ ነው!» አለቻቸው። ዘፍናም አሳየቻቸው። በር ላይ ቆሜ ነበር። አለቀስኩ።

አሁን ያንኑ መስመር በሦስት ፍጥነት ትለዋለች። አንድ ምት ላይ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። እጇ ግን አይፈጥንም። ትልቁ ከባድ ነገር እሱ ነው።

የጸሎቱን ነገር የጠየቃችሁኝም አላችሁ። አዎ፣ የመጀመሪያው መዝሙር የሂንዱ ምስጋና ነው። ለእማማ በግልጽ ነገርኳቸው። መዝሙሩ በድምፆቹ ስምም ስለሚዘፈን፣ ልጄ ቃሉን ትታ በ«ሳ ሪ ጋ ማ» ብቻ እንድትለው ፈቀዱ።

አማርኛዋንም አልረሳችም። ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ በክራር ትዝታ ከፍቼ ነበር፤ ትዝታ ሜጀር። ከክፍሏ ሮጣ መጥታ «እማዬ፣ ይሄኮ ትልልቆቹ ልጆች የሚሉት ሞሃና ነው» አለች። ቁጭ ብላ «ሳ ሪ ጋ ፓ ዳ» እያለች አብራ ዘፈነችው። እውነቷን ነው፤ ሞሃና የሚባለው ራጋ፣ እንደ እኛ ቅኝት ያለው፣ በእነዚያው አምስት ድምፆች ነው የሚሄደው። እኔ አርባ ዓመት ትዝታ ስሰማ ኖሬ ድምፆቹን አንድ በአንድ መጥራት አልችልም።

ስለ ቤት ሥራና ስለ ስልክ ሰዓትም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። እሱን ሌላ ቀን።

ዛሬ እማማ አብረውን ናቸው፤ እዚያ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጄ ልትዘፍን ራሷ ጠይቃለች። የፋሲካውን ያንኑ «ሳ ሪ ጋ ማ» ነው የምትለው፤ በሦስቱም ፍጥነት። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱልኝ። መሃል ላይ አታጨብጭቡ፤ ምቱ ይጠፋባታል። አብራችኋት መቁጠር ከፈለጋችሁ ከትንሿ ጣት ጀምሩ።

ነይ ልጄ። ታምቡራው ይከፈት።