ጉልበት አለኝ ያለ እግሩን ይጠይቅ፦ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ሳንቲያጎን በእግር መሳለም

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን፤ ውጪው ጉም ነው፣ እኛም ተከናንበን ነው የምንቀዳው። ሸንኮራ ዮሐንስን ወይ ደብረ ሊባኖስን በእግሩ ደርሶ የተሳለመ ሰው "አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግሬ ልሂድ" ቢል ምን ይያዝ፣ ምን ይተው፣ ልቡንስ እንዴት ያዘጋጅ? ጉዳያችን ይኸው ነው።

እሷ፦ ሁሉን መንገድ ከምንነካካ ጋሼ፣ አንዱን እንያዝ። የስፔኑን፤ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚያደርሰውን። እነሱ ካሚኖ ይሉታል።

እሱ፦ ሳንቲያጎ ማለት ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው። የዘብዴዎስ ልጅ፣ የዮሐንስ ወንድም፣ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው። እኛ ሚያዝያ 17 እናስበዋለን፤ እነሱ ጁላይ 25፣ በእኛ ሐምሌ 18። ዐፅሙ እዚያ ካቴድራል መንበር ሥር ነው ብለው ነው በትውፊታቸው የሚሳለሙት።

እሷ፦ ዋናው መንገድ ከፈረንሳይ ወገን ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ወር ያስኬዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይህን አልመክርም። ሳሪያ ከምትባል ከተማ መነሣት ይበቃል፤ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲጨርሱ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ለእግረኛ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ነው የሚጠይቀው፤ ሳሪያ ለዚያ ትበቃለች።

እሱ፦ አዳሮቹን ቁጠሪልን።

እሷ፦ ከሳሪያ ፖርቶማሪን 22፣ ከዚያ ፓላስ ደ ሬይ 25፣ አርዙዋ 29፣ ኦ ፔድሩሶ 19፣ ሳንቲያጎ 20። አምስት ቀን። ሦስተኛዋ ቀን ግን ብዙ ሰው ትሰብራለች፤ ስለዚህ መሐል ላይ ሜሊዴ አድሮ ስድስት ቀን ማድረግ ይሻላል። ከጉዞውና ከአንድ መጠባበቂያ ቀን ጋር አሥር ቀን ፈቃድ ይያዝ።

እሱ፦ እንግዲህ ጉዞው የሚጀምረው ሳሪያ አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ ቪዛ ማመልከቻ ላይ ነው። እዚያ የሚወድቀው ሰው መንገድ ላይ ከሚወድቀው ይበዛል ብዬ ነው የማስበው።

እሷ፦ የሼንገን ቪዛ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ከቀረ አይገባም። ውሳኔው ለኢትዮጵያውያን እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። የቀጠሮ ወረፋው ደግሞ ለብቻው ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ የቆይታውን ቀን በሙሉ የሚይዝ ይሁን። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ሦስት ወር ይቅረው፤ ሁለት ባዶ ገጽም ይኑረው።

እሱ፦ አሁን የሚበላሸውን ንገሪያቸው።

እሷ፦ አንደኛው "መንገደኛ ነኝ፣ የመሸበት አድራለሁ" የሚለው ነው። እኛ አገር ያስኬዳል፤ የእግዜር እንግዳ ብሎ ደጅ ማንኳኳት ነው። ቪዛ ላይ ግን የየሌሊቱ ማደሪያ ይጠየቃል። የመንግሥት ማደሪያዎቹ ደግሞ ቀድመው አይያዙም፤ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ለማመልከቻው በየአዳሩ ከተማ የግል ማደሪያ ይያዝ፤ ከነዚያ ከቆጠርናቸው ከተሞች ጋር ቀኑ አንድ በአንድ ይገጥም። ፖርቶማሪን ማደር ያለበት ሌሊት ማድሪድ ሆቴል ከተያዘ ጠያቂው ወዲያው ያየዋል።

እሱ፦ ቀን አነሣሽ እንጂ ሌላም አለ። መታወቂያው ላይ የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ ላይ በእነሱ፣ የሥራ ደብዳቤው ላይ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ሳይባል ቁጥሩ ብቻ። ሦስት የተለያየ ሰው ይመስላል! አማርኛው ሁሉ ተተርጉሞ፣ ቀኑ ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ይስተካከል።

እሷ፦ ባንኩም እንደዚያው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሁለት ሺህ ብር ሲንቀሳቀስበት የኖረ ሒሳብ ላይ በመጨረሻው ሳምንት ግማሽ ሚሊዮን ብር ቢገባበት ጥርጣሬ ነው የሚያመጣው። የተበደረ ከሆነ ተበድሬ ነው፣ ዘመድ ከሰጠውም የዘመዱን ደብዳቤ ይዞ ይቅረብ። የሚመለስ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ነገርም ያስፈልጋል፤ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ።

እሱ፦ ወቅቱስ?

እሷ፦ እኔ ግንቦት እላለሁ። ጁላይና ኦገስት ሰው ይበዛል፣ ይሞቃልም።

እሱ፦ ለጿሚ ሰው ደግሞ ግንቦት ሌላ ጥቅም አለው። ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ግንቦት በሙሉ ነፃ ነው። ፍልሰታ ላይ የሄደ ሰው ግን በየምግብ ቤቱ ይቸገራል። "ሾርባው የአትክልት ነው" ይሉታል፤ ሳንቲያጎ ያለችበት የጋሊሲያ ክልል የጎመንና የባቄላ ሾርባ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል። ቬጋኖ የምትለዋን ቃል ይያዝ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት ማለት ናት። በሁለት አቆጣጠር መሐል ሆኖ ለሚጾም ሰው የቀን መቁጠሪያው ከጫማው እኩል ዕቃ ነው።

እሷ፦ 2019 ሌላም ነገር አለው። ጁላይ 25 እሑድ የሚውልበት ዓመት እነሱ ዘንድ ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ በእነሱ 2027 እንደዚያ ነው። ሕዝቡ ይጎርፋል። ንግሥ ለሚወድ መልካም ነው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ በ2018 ወይም በ2020 ይሂድ።

እሱ፦ ወደ እግሩ እንምጣ። የሰሜን ሸዋ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ ያለው መንገድ ከ800 ሜትር አይዘልም። ትንፋሽ አያጥረውም፣ ልቡም አይደክምም። "ይቺማ ምን አላት" ብሎ በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይመታዋል። በሦስተኛው ቀን ግን ያነክሳል። ያሸነፈው ዳገት አይደለም፤ የእግሩ ቆዳና ጉልበቱ ናቸው።

እሷ፦ ቆዳው በአየር ከፍታ አይለመድማ።

እሱ፦ አይለመድም። ስለዚህ ልምምዱ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፤ ሁለቱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙ ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ይጨምር። ቦርሳው ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ይታዘል። ሊሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ 20፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ 20። የማግስቱ እግር ነው እውነቱን የሚናገረው፤ አንድ ቀንማ ማንም ይሄዳል።

እሷ፦ የት ይለማመድ?

እሱ፦ ለሜዳው ወደ ጫጫ የሚወስደው አስፋልት ዳር አለ። ለቁልቁለቱ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው። ቁልቁለት አይናቅ! ፖርቶማሪን መግቢያ ወደ ሚኞ ወንዝ የሚወርደው መንገድ አጭር ነው፣ ግን የሚመጣው ከሃያ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር የሚጋጨው እዚያ ነው። ደግሞ ከከተማ ከመራቁ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ብቻውንም አይውጣ።

እሷ፦ ጫማው ላይ ልቆይበት። የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ውሎ ያብጣልና። የሚሄድበትን ካልሲ አድርጎ ይለካ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ከዚያ ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር ይሂድበት። ከበረራው በፊት በነበረው ቀን መርካቶ የተገዛ አዲስ ጫማ ሳሪያ ላይ ያስለቅሳል። ለቁልቁለት ደግሞ ክሩ እስከ መጨረሻዋ ቀዳዳ ይግባ፤ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበቅ፣ ጣቱ ጋ ላላ። ተረከዙ ከተያዘ ጣቱ ወደ ፊት አይንሸራተትም።

እሱ፦ እግሩ ውሃ ቢቋጥርስ?

እሷ፦ ከመቋጠሩ በፊት ያስጠነቅቃል። አንድ ቦታ ላይ ሙቀት፣ ለብለብ የሚል ነገር ይሰማል። "ማደሪያ ስደርስ አየዋለሁ" ከተባለ አለቀ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይወለቅ። ይድረቅ፣ ፕላስተር ሳይጨማደድ ይለጠፍ፣ ካልሲ ይቀየር። እግር የሚቋጥረው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፦ እርጥበት፣ ሙቀትና ፍትጊያ። ካልሲ በመቀየር ሁለቱ ይቀንሳሉ። የጥጥ ካልሲ እርጥበት ይዞ ስለሚቀር ሱፍ ያለበት ይሻላል። ጠዋት በጣቶቹ መሐል ቫዝሊን።

እሱ፦ ከቋጠረ በኋላ?

እሷ፦ ትንሽና የማያም ከሆነ አይነካ። ትልቅ ሆኖ መርገጥ ከከለከለ፣ እጅ ታጥቦ፣ መርፌ በአልኮል ተጠርጎ ከጠርዙ ሁለት ቦታ ይበሳ። ውሃው ቀስ ተብሎ ይጨመቅ፤ ቆዳው ግን አይላጥ፣ እሱ ራሱ ክዳን ነው። ከዚያ ጀርም ማጥፊያ፣ በላዩ ጎዝ። መንገደኞች ክር አሳልፈው እንዲንጠባጠብ ይተዉታል፤ አይሁን፣ ክሩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ያስገባል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ራሱ አይብሳ፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለድንገተኛ ነገር 112 ይደወላል።

እሱ፦ ስንቁና ዕቃው እንግዲህ። ቦርሳው ከነውሃው ከሰውነቱ ክብደት አንድ አሥረኛ አይለፍ። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስድስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ስለሚፈራ መጀመሪያ የሚይዘው ጋቢ ነው።

እሷ፦ ብርድ ልብስም እንዳይጨምር!

እሱ፦ የፋብሪካችንን ስም ለማስጠራት ካልሆነ በቀር። ጋቢ ከራሰ ሁለት ቀን አይደርቅም፤ ጋሊሲያ ደግሞ ዝናብ ነው። ቀጭን ነጠላ ይያዝ፤ ፎጣም፣ የአንገት ልብስም፣ ጸሎት ላይም ይሆናል። ቀለል ያለ የመኝታ ከረጢት፣ ቦርሳውን ጭምር የሚሸፍን የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ቅያሪ፣ ሦስት ካልሲ። በሶ በደረቁ ይሁን። ቋንጣና ቅቤ ግን አይታሰብ፤ ሥጋና የወተት ነገር ከውጪ ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ይወስደዋል።

እሷ፦ ከአዲስ አበባ ማድሪድ የእኛው አየር መንገድ ይበራል። ከማድሪድ ቻማርቲን ጣቢያ ባቡር፣ ከዚያ በሉጎ በኩል አውቶቡስ ወደ ሳሪያ። ሳሪያ ሲደርስ መጀመሪያ የመንገደኛ ደብተር ይውሰድ፤ ክሬዴንሲያል ይባላል። በየቀኑ ሁለት ማኅተም ያስመታበት፤ አንድ ማደሪያው፣ አንድ መንገድ ላይ ካለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ቡና ቤት። አንድ ብቻ እያስመታ የደረሰ ሰው መጨረሻ ላይ ጥያቄ ይነሣበታል።

እሱ፦ መንገዱ አያሳስትም። ቢጫ ቀስት ነው የሚመራው። ኤሊያስ ቫሊኛ የሚባሉ የኦ ሴብሬሮ ካህን ናቸው በ1984፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ቀለም ይዘው መቀባት የጀመሩት። ቀስት ካየ ብዙ ከቆየ ግን ወደ ኋላ ይመለስ እንጂ ወደ ፊት እየገመተ አይሂድ።

እሷ፦ ሰዓቱ ላይ ግን ይሳሳታል! የመንግሥት ማደሪያ በእነሱ 13:00 ይከፈታል፤ በእኛ ቀን 7 ሰዓት። 22:00 ይዘጋል፤ ማታ 4። ጠዋት 8:00 ለቆ ይውጣ ማለት በእኛ 2 ሰዓት ነው። ስልኩ የሚያሳየውን በአማርኛ ሰዓት ያነበበ ሰው "እስከ ስምንት እተኛለሁ" ብሎ ይነሡ ይባላል። ፀሐይዋም ታታልላለች፤ ግንቦት አጋማሽ ላይ ከ21:30 በኋላ ነው የምትጠልቀው። ብርሃን አለ ብሎ ውጪ ሲያመሽ በሩ ይዘጋበታል።

እሱ፦ አልጋው?

እሷ፦ 10 ዩሮ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ። የሚጣል አንሶላ ይሰጣሉ። ቦርሳው አልጋ ላይ ከመውጣቱ በፊት የፍራሹ ስፌት በስልክ መብራት ይታይ፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፣ ለጠባቂው ተነግሮ ሌላ አልጋ ይጠየቅ። እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ይገዛ። ከምሳና ከእራት መሐል ወጥ ቤቱ ይዘጋል፤ በሶው ያኔ ነው የሚጠቅመው።

እሱ፦ አሁን ልቡን። እኛ ስንሳለም በሕዝብ መሐል ነው፤ ዝማሬ አለ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ስንቁን ይዞለታል፣ ሲደርሱ ታቦቱ ይወጣል። እዚያ ግን ከጎኑ የሚሄደው ለስፖርት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ወይን ይጠጣል፣ ስለ ሃይማኖት ቢነሣበትም ይሥቃል። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው በሁለተኛው ቀን "ምን ላደርግ መጣሁ" ይላል። ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ የት ድረስ እንደሚጸልይ፣ ምን እንደማይቀበል። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊክ ነው፤ መሳለም ሌላ፣ መቁረብ ሌላ።

እሷ፦ ከሰው ጋር መፎካከሩም አለ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ፈረንጅ እናት ሲያልፉት ይናደዳል።

እሱ፦ ይለፉት። በሚያወራበት ፍጥነት ይሂድ፤ ማውራት ካቃተው ፈጥኗል። ለጠዋት ውዳሴ ማርያም፣ ለከሰዓት ዝምታ፤ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ይክተተው። እግሩ ከተጎዳ ደግሞ ቦርሳውን ወደሚቀጥለው ማደሪያ በመኪና የሚያደርሱ አሉ። ነውር የለውም፤ እኛስ በአህያ ጭነን አልሄድንም?

እሷ፦ የመንገደኞች ቅዳሴ በእነሱ 12:00፣ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። ትልቅ ቦርሳ ይዞ ካቴድራል አይገባም፤ ቀድሞ ማስቀመጫ ይፈለግ። ምስክር ወረቀቱ በነፃ ነው፣ በላቲን ይጻፋል። ጋሼ፣ በስለት በባዶ እግሬ እሄዳለሁ የሚል ቢኖርስ?

እሱ፦ 115 ኪሎ ሜትር አስፋልትና ጠጠር? አልመክርም። ካቴድራሉ ፊት ያለችው የኦብራዶይሮ አደባባይ ትበቃዋለች።

እሷ፦ እዚያ ጫማ አውልቁ የሚል የለም እኮ።

እሱ፦ አታውልቅ የሚልም የለም። ሲያወልቅ ግን ካልሲውንም ያውልቅ፤ ድንጋዩ ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል።