የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ተገጣጣሚ የአሻንጉሊት ቤት ጣሪያ ሲገጠም

በዛሬው የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከወሎ ከተሞች የደወሉ አድማጮች የጠየቁት በካርቶን ታሽጎ ስለሚመጣው ተገጣጣሚ የአሻንጉሊት ቤት፣ በተለይም ስለ ጣሪያው ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከእንጨት ሥራ ባለሙያው መልስ ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከደሴ የደወሉ እናት፤ «ልጄ ከውጭ የላከችልኝን ቤት ግድግዳውን በኮላ አጣብቄ ጨርሻለሁ። ሁለቱ የጣሪያ ሳንቃዎች ግን አናቱ ላይ አልገናኝ አሉኝ፤ የክብሪት እንጨት የሚያሾልክ ክፍተት ይቀራል። ሳንቃውን ልፋቀው?»

መልስ፦ እናቴ፣ ለመፋቅ አይቸኩሉ፤ ጣሪያ አልገጥም ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ነው። በመጀመሪያ ቤቱን ከላይ ሆነው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ይለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ግድግዳው ተጣሟል ማለት ነው፤ ወለሉ ላይ ለዓይን የማይታይ የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነትም አናቱ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል። ኮላው ገና እርጥብ ከሆነ ረጅሙን ሰያፍ ከሁለቱ ጫፎች በእጅ ገፋ አድርጎ ማቃናት ይቻላል። ከደረቀና ቤቱ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ከሆነ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ፣ በሙቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ መጋጠሚያው ላይ አቆይተው ቀስ ብለው ያላቁት፤ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ከሆነ ግን ውኃ ስለሚያሳብጠው ይህን አይሞክሩ።

ግድግዳው ቀጥ ያለ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለቱን ሳንቃዎች ደርበው ያስተያዩአቸው። በአንዳንድ ተገጣጣሚ ቤቶች አንደኛው ሳንቃ ከሌላው በእንጨቱ ውፍረት ልክ፣ ለምሳሌ በ3 ሚሊሜትር፣ ይሰፋል፤ ይህም ሰፊው በጠባቡ ጠርዝ ላይ እንዲደረብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የእርስዎ ክፍተት የክብሪት እንጨት ያህል ስለሆነ፣ ሁለቱን አቀያይረው አስቀምጠው እንደሆነ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ። ሳንቃዎቹ እኩል ከሆኑ ደግሞ ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ ስለተቆረጠ ብቻ አናቱ ላይ ቦይ መሰል ክፍተት ይቀራል፤ ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት በሰያፍ ፍቆ ማጋጠም ይቻላል፤ እኔ ግን በቆርቆሮ ቤት ላይ ኮልሞ እንደሚደፋው አንድ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከላይ መለጠፉን እመርጣለሁ፤ ሥራውም ይቀላል፣ መልኩም ያምራል።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ የደወለ ወጣት፤ «ኮላው እስኪይዝ ጥቃቅን ሚስማር ልምታበት?»

መልስ፦ አትምታ፤ 3 ሚሊሜትር እንጨት በጠርዙ ሚስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል። ሳንቃውን የቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ወጥረህ አስረው፤ ለአንድ ሙሉ ቀንም አትንካው። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ ስለማይይዝ፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ሌሊቱን በረንዳ ላይ እንዳታሳድረው። ኮላው የሚገባበትን ጠርዝም አስቀድመህ ቀለም አትቀባ፤ ኮላ የሚይዘው ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ነው፤ በዚያ ላይ የቀለሙ ውፍረት የሳንቃውን ምላስ፣ ማለትም ለመጋጠሚያ የወጣውን ጫፍ፣ ከቀዳዳው አላስገባም ይለዋል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የደወለች እኅት፤ «ጣሪያውን የሚያለብሱትን ትንንሽ የእንጨት ጠፍጣፎች በነጭ ኮላ ለጠፍኩ፤ በማግስቱ ሳንቃው ጎበጠ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ ነጭ ኮላ ውኃ አለበት። አንዱን ፊት ብቻ ስትቀቢ ያ ፊት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ኮላው እየተኮማተረ ሳንቃውን ወደ ራሱ ይስበዋል። እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ቦታ ኮላው ቶሎ ስለሚደርቅ ቀስ ብለሽ ለማስተካከል ፋታ አይሰጥም። አሁን የውስጠኛውን ፊት በውኃ በቀጠነ ኮላ ስስ አድርገሽ ቅቢውና፣ ላስቲክ አልብሰሽ በሁለት ጣውላዎች መካከል ከባድ ነገር ጭነሽበት እስኪደርቅ ተዪው፤ ሁለቱ ፊቶች በእኩል ሲሳቡ ጉብጠቱ ይቀንሳል። የቀረውን ክፍል ጫማ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ ብትለጥፊው ውኃ ስለሌለው አያጎብጥም፤ ነገር ግን ሽታው ስለሚያዞር መስኮት ክፈቺ፤ ወዲያው ስለሚይዝም ከታችኛው ጠርዝ ጀምረሽ ወደ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሪበት።

ጥያቄ፦ ከወልድያ የደወሉ አባት፤ «ቤቱ ለልጄ መጫወቻ ነው። ጣሪያው ተከፋች ቢሆን ይሻላል ወይስ ተጣብቆ ይቅር?»

መልስ፦ ለመጫወቻ ከሆነ አያጣብቁት። አንድ ለአሥራ ሁለት በሚባለው የተለመደ መጠን 2.40 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 20 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ ጣሪያው ከተዘጋ ላይኛው ፎቅ ውስጥ እጅ ማስገባት ያስቸግራል፤ መብራት ከተዘረጋበት ደግሞ ሽቦው ሲበጠስ መድረሻ የለም። በማጠፊያ ላንጠልጥለው ካሉ ብሎኑ ስስ ሳንቃውን በስቶ እንዳይወጣ ከውስጥ በኩል ተጨማሪ እንጨት ይለጥፉበት። ልጅዎ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ግን ብሎኑም ማጠፊያውም ወደ አፍ የሚገባ አደጋ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሳንቃዎች እርስ በርስ ብቻ አጣብቀው እንደ ክዳን የሚነሣ ቢያደርጉት ይሻላል። ሳንቃዎቹን የሚያጣብቁት እዚያው ግድግዳው ላይ አስቀምጠው ይሁን፤ ቅርጻቸውን ከቤቱ ይወስዳሉና። የሚፈሰው ኮላ ከግድግዳው ጋር እንዳያጣብቃቸው ግን ከሥራቸው ስስ ላስቲክ ያንጥፉ።