ከሳሽ ባይጽፍላቸው ኖሮ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለና እሱኑ ላጫውታችሁ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። የማነሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። እዚህ ሜልቦርን ትምህርት ቤቷ ውስጥ፣ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ አውስትራሊያ ስለጎረፈበት ዘመን እየተማሩ ነው። አንድ ምሽት ደብተሯን ዘጋችና፣ "እማዬ፣ ያን ጊዜ እኛን የሚመስል ሰው እዚህ አገር ነበረ?" አለችኝ። እኔም ሳላስብ፣ "አልነበረም" አልኳት። ተሳስቻለሁ። ነበረ። ጆን ጆሴፍ ይባላል።

ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ብሪታንያ ቀደም ሲል ጥፋተኞቿን ወደ አሜሪካ ትልክ ነበር። አሜሪካ በነጻነት ጦርነት ስትለያት ያ በር ተዘጋ። እስረኞች ወንዝ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ ታጨቁ። ከዚያ በ1788 መጀመሪያ ላይ 11 መርከቦች ሲድኒ ደረሱ፤ እስከ 1868 ድረስም 162,000 ያህል ሰዎች ወደዚህ ምድር ተጋዙ። ከእነዚህ ውስጥ 25,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

ግዞት የሚለው ቃል በእኛ ታሪክ ሌላ ሥዕል አለው። ግዞተኛ ሲባል ትዝ የሚለኝ በአምባ ግሼን ላይ የሚዘጋባቸው መሳፍንት፣ ከቤተ መንግሥት የተጣሉ መኳንንት ናቸው። የሚጋዘው የሚፈራ ሰው ነበር። ወደ አውስትራሊያ የተጋዙትን ግን ማን ይፈራቸዋል? አብዛኞቹ መሐረብ፣ ልብስ፣ በግ የሰረቁ ድሆች ናቸው። ሜሪ ዌድ የምትባል ለንደን ውስጥ የምትለምን ልጅ ከሌላ ትንሽ ልጅ ላይ ልብስ ገፍፋ በ1789 ሞት ተፈረደባት፤ ቅጣቱ ወደ ግዞት ተለወጠላትና በ1790 ሲድኒ ገባች። በ1859 ስትሞት ከ300 በላይ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የእነርሱ ልጆች ነበሯት። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ከዘሯ ነው። ለረጅም ዘመን ግን እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ ነውር ነበር። ቤተሰብ አያቱን ይደብቅ ነበር። የቫን ዲመን ምድር ትባል የነበረችው ደሴት እንኳ ያን ስም አውልቃ በ1856 ታዝማኒያ ተባለች።

ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ሳነብ የቆየሁት የዚያችኑ ደሴት የግዞተኞች መዝገብ ነው። በኮምፒውተር ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ምን ያህል ዝርዝር እንዳለው ልነግራችሁ አልችልም። ቁመት። የፀጉር ቀለም። የዓይን ቀለም። የፊት ቅርጽ። ጠባሳው የት ላይ እንዳለ። ክንድ ላይ የተነቀሰ መልሕቅ፣ ልብ፣ የአንድ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደላት። የማን ስም ይሆን? የእናት? ጥሎት የመጣው የሚስቱ? ጸሐፊው አይጠይቅም፤ ፊደሎቹን ብቻ ይገለብጣል። ቀጥሎ ደግሞ ግዞተኛው ያጠፋው ጥፋትና የተገረፈው ግርፋት ተራ በተራ ይመጣል።

አንብቤ አንብቤ አንድ ሌሊት ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ያስጻፈው ለሰውየው ማሰብ አይደለም። ቢጠፋ እንዲያዝ ነው። ጠባሳው የተመዘገበው ለአሳዳጁ ነው። እኛ ግን ዛሬ ያን ሰው ሊያሳየን የሚችል ሌላ ነገር ስለሌለን፣ በአሳዳጁ ዓይን እናየዋለን።

የራሳቸው የሆነ ነገር ጥቂት ነው። ከመሄዳቸው በፊት የመዳብ ሳንቲም ፈግፍገው የንጉሡን መልክ ያጠፉና፣ በቦታው የራሳቸውን ስምና አትርሱኝ የሚል ቃል ቀርጸው ለሚወዱት ሰው ይሰጡ ነበር። ካንቤራ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ከ300 በላይ የሚሆኑ ተሰብስበዋል። ሲድኒ ውስጥ በ1819 በተሠራው የሃይድ ፓርክ የግዞተኞች ማደሪያ ደግሞ አይጦች ከወለሉ ሥር ጎትተው ለጎጇቸው ያከማቹት ጨርቅ ተገኝቷል፤ የግዞተኛ ሸሚዝ ሳይቀር። ሰው ያልጠበቀውን አይጥ ጠበቀው።

አሁን ወደ ወርቁ።

በ1851 ወርቅ ተገኘ ሲባል ዓለም ወደዚህ ተንቀሳቀሰ። ሜልቦርን ያለችበት የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት ሕዝብ ከ77,000 ተነስቶ በ10 ዓመት ውስጥ 540,000 ገደማ ደረሰ። እነዚህ በገዛ እግራቸው የመጡ ነጻ ሰዎች ናቸው፤ ነጻ በመሆናቸውም ጠባሳቸውን የሚመዘግብ አልነበረም። ድንኳን ተክለው፣ ቆፍረው፣ በተቅማጥ ሞተው፣ አፈር ለብሰው ቀሩ። በ1855 ቪክቶሪያ በመርከብ በሚገባ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ስትጥል፣ ቻይናውያኑ በጎረቤቷ ቅኝ ግዛት ሮብ በምትባል ወደብ እየወረዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። መሬቱ የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች የሆኑት የጃ ጃ ዉሩንግና የዋዳዉሩንግ ሕዝቦች ነበር፤ ወንዛቸው ሲደፈርስባቸው አቤቱታቸውን ለመስማት የተጨነቀ ሹም አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቆፋሪ ሁሉ ወርቅ አገኘም አላገኘም በየወሩ፣ መጀመሪያ ላይ 30 ሺሊንግ፣ የፈቃድ ክፍያ ነበረበት። ፖሊስ ፈቃድ የሌለውን እንደ አውሬ ያድናል። በመጨረሻ ባላራት በምትባል የወርቅ ከተማ ቆፋሪዎች ዩሬካ በሚባለው ስፍራ ምሽግ ሠሩ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1854 ጎሕ ሲቀድ ወታደሮች ሰበሩት። ቢያንስ 22 ቆፋሪዎች ሞቱ። 13 ሰዎች በአገር ክህደት ተከሰሱ፤ ቅጣቱ ሞት ነው። ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር ሰው ጆን ጆሴፍ ከሁሉ በፊት ለፍርድ ቀረበ። የአሜሪካ ቆንስል ለነጮቹ ዜጎቹ ሲከራከር፣ ለእሱ ግን አልተናገረለትም። በየካቲት 1855 ግን ሜልቦርን ውስጥ ከተራው ሰው የተመረጡ ፈራጆች ነጻ ነህ አሉት። ሕዝቡም ወንበር ላይ አስቀምጦ ተሸክሞት በከተማው ዞረ። ከእሱ ቀጥሎ የቀረቡትም በሙሉ ነጻ ወጡ።

በ1858 ሞተ። ቤንዲጎ አጠገብ ዋይት ሂልስ መቃብር ውስጥ ድንጋይ ሳይቆምለት ተቀበረ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። የእሱን ስም ከመቃብር በላይ ያዋለው የክስ ወረቀት ነው። ያን ጠዋት እዚያ ምሽግ ውስጥ ባይያዝ ኖሮ፣ ለልጄ "አልነበረም" ያልኩት ቃል እንደ እውነት ይቆም ነበር። ያልተከሰሱት ጥቁሮችስ? በየድንኳኑ ስንት ነበሩ?

እኔም ወደዚህ አገር ስገባ ፋይል ተከፍቶልኛል። ፎቶግራፌ፣ የጣት አሻራዬ፣ የደረቴ ራጅ አለበት። እናቴ ስትሸኘኝ በጆሮዬ የነገረችኝ ግን የለበትም። እሱን ለልጄ የነገርኳት ገና ባለፈው ሳምንት ነው፤ ቁጭ አድርጌ፣ ቡና እያፈላሁ፣ ሙሉውን።

ስለ ጆን ጆሴፍም ነገርኳት፣ ተሳስቼ ነበር ብዬ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "የት ነው የተቀበረው?" አለች። ቅዳሜ ቤንዲጎ ልንሄድ ነው። 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ሽታው የእንጦጦን የሚመስል። አበባውን እሷ ትመርጣለች።