ሜዳው የታለ?
በገና ዋዜማ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ለቀድሞ ተማሪዎች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጥንት ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የገና ዋዜማ በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ «የዓመቱን ስፖርት ያጫውቱን» ብለውኛል። ሩጫውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የእግር ኳሱን ከነገርኳችሁ ደግሞ የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ እዚሁ ይጣላብኛል። ስለዚህ ስለ ጎልፍ ልናገር ነው። ሳቁ ግድ የለም! ስፖርት ሳስተምራችሁም ስትስቁብኝ ነው የኖራችሁት።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ልጄ ቤት ነበርኩ። የሆሣዕና ለት፣ ሚያዝያ 5 ቀን፣ የልጅ ልጄ የዘንባባ ቀለበት አጠለቀልኝና ማታ ስልኩን ከፈተ። አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ኦገስታ በሚባል ከተማ ሰዎች በዱላ ትንሽ ነጭ ኳስ ይመታሉ። «አባባ፣ ይኼ የእናንተ ገና አይደል?» አለኝ። «ገናስ አይደለም፤ በገና ሁለት ወገን በአንድ ሩር ይተራመሳል፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኳስ በጥቂት ምት 18 ጉድጓድ በየተራ ለመክተት ነው የሚከተሉት» አልኩት። ልጁ ወዲያው ተኛ። እኔ በታመመ ዓይኔ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አፍጥጬ አመሸሁ። ሐኪሙ አልሰማም፤ እናንተም አትንገሩብኝ።

ምን አፈዘዘህ በሉኝ። ሮሪ ማክልሮይ የሚባል የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው። አባቱ ልጁን ለማስተማር ቀን ሲያጸዳ፣ ማታ መጠጥ ቤት ሲቀዳ የኖረ፣ እናቱ በፋብሪካ የሌሊት ተረኛ የነበረች። ይህ ሰው ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን አሸንፎ የቀረችው ይህቺው የኦገስታዋ ማስተርስ ነበረች። በ2003 ዓ.ም. በመጨረሻው ቀን በ4 ምት እየመራ ገብቶ ተንኮታኩቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። በ2017 ማስተርስን ሲጫወት በጠቅላላው 17ኛ ጊዜው ነበር። ያን ሌሊትም ሲመራ ቆይቶ በ13ኛው ጉድጓድ ቀላል የምትመስል ኳስ ውሃ ውስጥ ጨመራት። «አበቃለት» ብዬ ስልኩን ላጠፋ ስል ተነሣ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ምት ቀረችው፤ ብትገባ ድል ነው። ሳታት! ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ወጡና እዚያው 18ኛው ላይ ተመልሰው ሲጋጠሙ፣ አሁን ገባችለት። ሳሩ ላይ በጉልበቱ ተደፍቶ አለቀሰ። አራቱንም በመጠቅለል በዓለም 6ኛው ሰው ሆነ። እኔም እንባዬን ጠረግሁ፤ ከዓይን ጠብታው ጋር ተቀላቅሎ።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። ልጆቼ፣ እኔን ያስለቀሰኝ ሰውዬው ብቻ አይደለም። ሜዳው ነው። ማስተርስ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ኦገስታ ነው የሚደረገው። ሰኔ 8 ደግሞ ኦክሞንት በሚባል ሜዳ የአሜሪካ ኦፕን ተፈጸመ፤ ጄ. ጄ. ስፖን የሚባል ሰው ቀኑን በስሕተት ጀምሮ፣ በዝናብ በራሰ ሜዳ ከ20 ሜትር ርቀት መትቶ አስገብቶ አሸነፈ። ኦክሞንት የተመሠረተው በ1903 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓድዋ በተዋጋን በ7 ዓመቱ። የሰኔው እዚያ የተደረገ 10ኛው የአሜሪካ ኦፕን ነው። ሐምሌ 13 ቀን ስኮቲ ሼፍለር የሚባል አሜሪካዊ ዘ ኦፕን የተባለውን የብሪታንያ ውድድር ያሸነፈበት ሮያል ፖርትራሽ ደግሞ በ1888 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እዚሁ ሆነው ጎጃምን ሲገዙ ማለት ነው። አያቱ የረገጠውን ሣር የልጅ ልጁ ይረግጠዋል!

እኛስ? እኔ ልጅ ሆኜ የገናችንን ሜዳ ማንም አያርሰውም ነበር። ከብት ይግጥበታል፤ ለቅሶ ይወጣበታል፤ ገና ሲደርስ የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ይገጥምበታል። አንድ ዓመት፣ እኔ 12 ዓመቴ ነው፣ ከወይራ የጠረብኩትን ገናዬን ይዤ ሩሩን በኃይሌ ስለጋው ሄዶ ያገሩን ባላባት ቅልጥም አገኘ። ባላባቱ ደግሞ ከተመልካች መሐል አልነበሩም፤ ነጠላቸውን አደግድገው የላይ ሠፈርን ወግነው ይጫወታሉ። ሜዳው ጸጥ አለ። አባቴ ከሩቅ ሲመጣ አየሁት፤ አለንጋ ፍለጋ ወገቡን ይዳብሳል። ባላባቱ እያነከሱ መጡ፤ ሩሩን አነሡ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው እግሬ ሥር ጣሉልኝና «ምታ!» አሉኝ። መታሁ። ተሸነፍን እንጂ ያን ቀን እኔ ንጉሥ ነበርኩ።

ያ ሜዳ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል። «ለልማት ነው» ተባልን፤ እሺ አልን። ዓመት አለፈ፤ ሁለት አለፈ፤ አንድ ድንጋይ አልተጣለበትም። ሽማግሌዎች ሆነን ቢሮ ሄድን። ልጅ እግር ነው ባለሥልጣኑ። «ለሜዳው ካርታ አላችሁ?» አለን። ካርታ! የእኔ ካርታ ቅልጥሜ ላይ ነው፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን ላሳየው ነበር፤ አጠገቤ ያሉት አባት ያዙኝ። በዓል ሲመጣ መድረክ ላይ ወጥቶ «ባህላዊ ጨዋታዎቻችንን እንጠብቅ» የሚለን ማን ሆነና? እሱ ራሱ! ገናን በምን እንጠብቀው ጌታው? በፖስተር? አስፋልት ላይ ሩር ይለጋል? ማክልሮይ ያን ሌሊት 4 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ዶላር ወስዷል፤ እኛ ብር አልጠየቅንም፤ ሣር ነው የጠየቅን!

(አጨብጭባችሁ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።)

የቀረውን ቶሎ ላብቃ። ነሐሴ ላይ ቶሚ ፍሊትውድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ ስንት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ የአሜሪካውን የዓመት መዝጊያ ወሰደ። እኛ የመስቀልን ደመራ በለኮስንበት ሰሞን ደግሞ አውሮፓ አሜሪካን በገዛ ሜዳዋ፣ ኒው ዮርክ ላይ፣ ራይደር ካፕ በሚባለው የቡድን ውድድር 15 ለ13 ረታች። የሴቶቹንም አይቻለሁ፤ ሰዓቴ ግን አልቋል፤ አዘጋጁ ከወዲያ ይጠቅሱኛል።

ለነገ እንዲህ ተባብለናል፦ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ ወንድማችን ጤፉን አጭዶ ወቅቶ ባዶውን ማሳ ለአንድ ቀን ሰጥቶናል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከፈሰኩ በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ። የላይ ሠፈር በጮቄ በኩል ይቆማል። ገና የሌለው ዛሬ ማታ ይጥረብ። ሩሩ እኔ ዘንድ ነው።