ቀኑን ያየ አለ?

(በሸማቾች ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግኩት ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ)

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ሰብሳቢያችን 10 ደቂቃ ነው የሰጡኝ፣ የቁጥጥር ኮሚቴውን ሪፖርት አንብቢና ውረጂ ተብያለሁ፣ አነባለሁ ግን መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣ።

ገበያ ቀን ጤፍ ስንገዛ እንዴት እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ከላይ ያለውን ማን ያምናል? እጃችንን እስከ ክርናችን ጆንያው ውስጥ ከተን ከታች ነው የምናወጣው፣ መዳፋችን ላይ አድርገን እፍ እንላለን፣ አፈር አለው የለውም እያልን በጥርሳችን እንሞክራለን፣ የቢቸና ነው ሲለን አይደለም ብለን እንከራከራለን። በግ ሲሆን ደግሞ ወገቡን ጨብጠን፣ ላቱን መዝነን፣ ጥርሱን አይተን፣ ሁለቴ ተጣልተን ሄደን ተመልሰን ነው። ቅቤማ አይነሳ። ይሄው ሰው ሱቅ ሲገባ ምን ይነካዋል? "ኦሞ ስጠኝ" ይላል፣ ባለሱቁ ደስ ያለውን የዱቄት ሳሙና ያነሳለታል፣ ከፍሎ ይወጣል። "ሃይላንድ" ይላል፣ የሚሰጡት ሌላ ውሃ ነው፣ ስሙን እንኳ አያይም። ቀለሙ ከለመድነው ከተመሳሰለ አለቀ። የታሸገ ነገር እጃችንን ያስርብናል፣ መንካት የለ መቅመስ የለ፣ የቀረው ማንበብ ነው፣ እሱን ደግሞ አንወድም።

እኔ እሻላለሁ እያልኩ አይደለም። ኅዳር 2016 ላይ ለልጄ ልጅ የዱቄት ወተት ልገዛ ሄድኩ፣ ሁሌ የምገዛበት ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ ጣሳውን ገልብጬ ቀኑን አየሁ፣ 03/2023 ይላል። እኛ 2016 ላይ ነን፣ ገና 7 ዓመት አለው ብዬ ደስ ብሎኝ እንዲያውም ሁለት ልጨምር ብዬ ሦስት ጣሳ ተሸክሜ ገባሁ። ትልቋ የልጅ ልጄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነች፣ አየችውና "እማማ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው" አለችኝ። የእኛ መጋቢት 2015 ማለት ነው፣ ስምንት ወር አልፎታል! 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት! እዚህ የተቀመጣችሁትን ግማሾቻችሁን ክፍልፋይ ያስተማርኩ! ጭራሽ ባላየው ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ሦስት አልገዛም። ልመልስ ስሄድ ባለሱቋ "ቲቸር፣ ሌላ ሰው እኮ ምንም አላለም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማን ይላል።

ለማታውቁት፣ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከጃንዋሪ እስከ እኛ አዲስ ዓመት ድረስ 8 ቀንሱ፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7።

ኸርበርት ሳይመን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ በ1978 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ (እሱም በፈረንጅ ነው፣ እንዳትሳሳቱ)። ሰው ሲመርጥ ሁሉን አመዛዝኖ አይጨርስም፣ ይበቃኛል የሚለውን እንዳገኘ እዚያው ያቆማል ነው የሚለው። አልቃወመውም፣ ለክብሪትና ለጨው ማን ግማሽ ቀን ያጠፋል። ለልጅ ወተት ግን "የለመድኩት ነው" አይበቃም!

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ፣ የራሳችን ሱቅ ነው። ግዢ ኮሚቴዎች ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል፣ አታቀርቅሩ። ዕጣ ከፍለን ባቋቋምነው ሱቅ አሮጌው ዕቃ ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ነው የሚደረደረው፣ አሠራሩ ነው፣ ግን እጃችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀኑ የቀረበው ላይ ነው ማለት ነው። መደርደሪያው ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር በትልቁ ጻፉ ብዬ ሦስት ጊዜ ቃለ ጉባኤ ላይ አስያዝኩ። ማርከር የለም ተባልኩ። ማርከር! ለስብሰባ አበል በጀት ጠፍቶ ያውቃል? ጭብጨባውን ተዉትና ሰኞ ሱቁ ድረስ መጥታችሁ ጠይቁ።

ሪፖርቱ፣ ሒሳብ ተመርምሯል፣ ጉድለት የለም፣ ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ባለው ወረቀት አለ። የስኳሩን ወረፋ ሰብሳቢው ይመልሱ።

ከመውረዴ በፊት፣ ይሄን ብስኩት ዛሬ ጠዋት ከሱቃችን ነው የገዛሁት፣ ደረሰኙ ይኸው። ጋሼ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ጀርባውን ጮክ ብለው ያንብቡልን። አዎ፣ እሱን። ዓመቱንም።