«ሹፌር ነህ ወይስ ተላላኪ?»፦ አዲስ ጄት ለባለቤቱ ስለማድረስ ለወጣት በራሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሥራዬ እንድናገር ስትጠሩኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። ያኔ ካንሳስ፣ ዊቺታ ነበርኩ። ደውዬ «እማዬ፣ አዲስ ሥራ ያዝኩ፤ ከፋብሪካ የወጣ የግል ጄት ለገዢው አደርሳለሁ» ስላት ለጊዜው ዝም አለች። ቆይታ «ውስጡ ሰው አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «ዕቃስ?» የለም። «ባለቤቱስ?» እሱም የለም። «ታዲያ አንተ ሹፌር ነህ ወይስ ተላላኪ?»

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እኔም ቁርጥ ያለ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት ልሞክር።

በእኛ ሰፈር ሥራው «ፌሪ» ይባላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሳይቴሽን የሚባሉት ጄቶች ዊቺታ ይሠራሉ። ገልፍስትሪም ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ነው። የኤምብራየር ፌኖም ፍሎሪዳ ሜልበርን ላይ ይገጣጠማል፣ ሆንዳ ጄት ሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ፣ ፒላተስ ፒሲ-24 ደግሞ ስዊዘርላንድ ስታንስ። ገዢው ግን ሪያድ ወይም ሌጎስ ወይም ሙምባይ ነው ያለው። መኪና ቢሆን መርከብ ላይ ይጫናል። ጄት ግን በራሱ ክንፍ ነው የሚሄደው፣ ለዚያ ደግሞ የሚያበረው ሰው ያስፈልጋል። የዳሶ ፋልከን ነገርማ ያስቃል፦ ፈረንሳይ ቦርዶ አጠገብ ይገጣጠማል፣ ቀለም ሳይቀባ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ አርካንሶ ሊትል ሮክ ይሄዳል፣ እዚያ ወንበሩና ምንጣፉ ይገባለታል፣ ገዢው አውሮፓዊ ወይም ዓረብ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ውቅያኖስ እንደገና ይሻገራል። ባለቤቱ አንዴ እንኳ ሳይቀመጥበት አውሮፕላኑ ሁለቴ ባሕር አቋርጧል ማለት ነው።

ትልልቆቹን ለማድረስ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ይህን ስል የሚቀየመኝ ባልደረባ አለ። ገልፍስትሪም ጂ700 ያለ ማረፍ 7,750 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ይሄዳል። ከሳቫና ተነስቶ፣ አብራሪዎቹ እየተቀያየሩ እየተኙ፣ ዱባይ ላይ ያርፋል። የእኔ እንጀራ ትንንሾቹ ናቸው። ሳይቴሽን ኤም2 ቢበዛ 1,550 ኖቲካል ማይል ነው የሚሄደው፤ እሱም ነፋስ ካልከፋ። በዚያ ጉልበት አትላንቲክን በአንድ ትንፋሽ መሻገር አይታሰብም። እንደ ልጅ ጨዋታ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ነው የምንሻገረው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል የአገራችን ሰው። 41,000 ጫማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሰማዩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አደራው ግን እዚያም አይላላም። ሚሊዮኖች ዶላር የወጣበት፣ የሰው ጠረን ያልነካው ዕቃ ነው በእጃችሁ ያለው። ተሳፋሪ ስታደርሱ መንገዱን አጅቦ የሚፈርድላችሁ ሰው አለ። እዚህ ግን ተቀባዩ መንገዱን አያውቀውም። የሚያየው አውሮፕላኑን ብቻ ነው፤ ስለዚህ እናንተ እዚያ ውስጥ ያላለፋችሁ መምሰል አለባችሁ።

ይህን በቃል ሳይሆን በእግር ነው የምትማሩት። ከፋብሪካው ስንረከብ ምንጣፉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፋል፣ ቆዳው ወንበር በላስቲክ ይሸፈናል። ጫማ አውልቀን በካልሲ ነው የምንገባው። ኩሽናው አይነካም፣ ብርጭቆዎቹ ከነመጠቅለያቸው ይቀመጣሉ። ሽንት ቤቱም አይከፈትም። (በረራው ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ከመነሳታችን በፊት ቡና የጠጣ አብራሪ ይህን ሕግ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።) ምግባችንን በከረጢት ይዘን ነው። እኔ ሁልጊዜ የምይዘው እህቴ የቆላችልኝን ቆሎ ነው። አይበላሽ፣ አይሸት፣ እንቅልፍ ያባርር! ወደ ቆሎው እመለሳለሁ።

ከመብረር በፊት ወረቀት አለ። የወጣትነት ጉጉት ያላችሁ ይህን ክፍል አትወዱትም፣ እኔም አልወደውም ነበር። ፋብሪካው ሲሸጥ ገንዘቡ በቀጥታ ከገዢ ወደ ሻጭ አይሄድም፤ መሃል ላይ የሚይዘው ሦስተኛ ወገን አለ። እነሱ ኤስክሮው ይሉታል፣ በአማርኛ አደራ ከማለት የተሻለ ስም አይገኝለትም። ይህን የሚሠሩት ቢሮዎች በብዛት ኦክላሆማ ሲቲ ናቸው፣ ምክንያቱም የአሜሪካ አውሮፕላን ሁሉ የሚመዘገብበት መዝገብ ቤት እዚያ ነው። የርክክቡ ቀን ሁሉም በአንድ ስልክ ላይ ይሰበሰባሉ፦ የገዢ ጠበቃ፣ የሻጭ ጠበቃ፣ ባንኩ፣ አደራ ያዡ። እኔ ኮክፒት ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ጥያቄ ነው የምጠብቀው፦ «አውሮፕላኑ አሁን የት ነው የቆመው?» ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ንብረቱ እጅ ሲለውጥ የቆመበት ግዛት ግብሩን ሊወስን ይችላል፤ ለዚህ ብቻ ሲባል ወደ ሌላ ግዛት በርሬ አቁሜ፣ ፊርማው እስኪያልቅ ሞተር አጥፍቼ የጠበቅኩበት ጊዜ አለ።

ከዚያ አውሮፕላኑ ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚያሳይ የኤክስፖርት ምስክር ወረቀት፣ ኢንሹራንስ (የአብራሪው ስም ተለይቶ የሚጻፍበት)፣ በየአገሩ ሰማይ ለማለፍ ፈቃድ። ብድር ካለበት ደግሞ አየርላንድ ያለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ መዝገብ በ2001 እ.ኤ.አ. ኬፕ ታውን ላይ ከተፈረመው ስምምነት የመጣ ነው። ስለ አውሮፕላን የሚናገረው ክፍሉ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው 8 አገሮች ስላጸደቁት ሲሆን፣ ከስምንቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህን ለአሜሪካ ጠበቆች ስነግራቸው አያምኑኝም፣ ከዚያ ሄደው ያዩትና ይቅርታ ይጠይቁኛል።

ስለ አገራችን ካነሳሁ አይቀር፣ ሙያው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረው ስዊድናዊ፣ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አየር ኃይላችንን ሲያደራጅ፣ ግንቦት 1939 ዓ.ም. በሳዓብ ፋብሪካ የተሠራ ሳፊር ይዞ ከስቶክሆልም ተነሳ። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት። የትም ሳያርፍ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 31 ሰዓት ገደማ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ሰውየው በኋላ ጎዴ ላይ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። እኔ ሁለት ሞተር፣ ጂፒኤስና የሳተላይት ስልክ ይዤ «ደከመኝ» ልል ስል የእሱ 31 ሰዓት ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ።

አሁን ወደ ባሕሩ። መንገዳችን ከዊቺታ ወደ ካናዳ ጉስ ቤይ፣ ከዚያ ግሪንላንድ ናርሳርሱዋክ፣ ከዚያ አይስላንድ ኬፍላቪክ፣ ከዚያ ስኮትላንድ ፕሬስትዊክ ነው። በእነዚህ መካከል ያለው እያንዳንዱ የባሕር ዝላይ ከ650 እስከ 750 ኖቲካል ማይል ይሆናል። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄደውም ጄት አሁን ብዙ ጊዜ በዚሁ ይመጣል፣ ምክንያቱም ድሮ በአላስካ በኩል ሩሲያ ካምቻትካ ላይ ነዳጅ ይቀዳበት የነበረው መንገድ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተዘግቷል።

ተማሪዎችን «ባሕር ላይ የምትፈሩት ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ሞተር ቢጠፋ» ይለኛል። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው የካቢን አየር ግፊት መጥፋቱን ነው። አንድ ሞተር ቢጠፋ ሁለተኛው አለ፤ ዝቅ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ግፊት ከጠፋ ግን ለመተንፈስ ወደ 10,000 ጫማ መውረድ ግድ ነው። ጄት እዚያ ዝቅታ ላይ ነዳጅ የሚጠጣው እንደ ተጠማ ግመል ነው። ላይ ሆኖ ተርፎ የነበረው ነዳጅ ታች ሲወርድ ይጎድላል። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ካርታው ላይ አንድ ነጥብ እናስቀምጣለን፦ ወደ ፊት መሄድና ወደ ኋላ መመለስ እኩል ጊዜ የሚወስዱበት ቦታ። ብዙ ሰው ነጥቡ መንገዱ መሃል ላይ ይመስለዋል። ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ነፋሱ ከኋላ ይገፋናል፣ ለመመለስ ግን ያንኑ ነፋስ ፊት ለፊት መግጠም ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ ወደ ተነሳንበት ይጠጋል። እዚያ ነጥብ ላይ ግፊት ቢጠፋ፣ 10,000 ጫማ ላይ ሆኜ የትኛውም ጫፍ የሚያደርሰኝ ነዳጅ አለኝ ወይ? ከሌለኝ አልነሳም። ነገሩ ይኸው ነው። ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱም ጫፎች ክፍት ከሆኑ ነው።

ኅዳር ላይ ናርሳርሱዋክ ነበርን፣ እኔና ረዳቴ። ማረፊያው አሜሪካኖች በ1941 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት ነው፣ ከባሕር ወደ ተራሮች መካከል በሚገባ ጠባብ የውኃ ሰርጥ (ፊዮርድ) ጫፍ ላይ። ማኮብኮቢያው ወደ 1,800 ሜትር ይሆናል፣ ወደ ምሥራቅ ዳገት ነው፣ ከዳገቱ ማዶ የበረዶው ክምር አለ። ባብዛኛው ሽቅብ ታርፋላችሁ፣ ቁልቁል ትነሳላችሁ። ውኃው ላይ የቤት ያህል የበረዶ ቋጥኝ ይንሳፈፋል። ያን ቀን ከበረዶው ክምር በኩል ነፋስ ወረደ። ክንፉን አስረን፣ የሞተሩን አፍ ሸፍነን ሆቴል ገባን። በማግስቱ ነፋሱ እንዳለ ነው። ኬፍላቪክ ደግሞ ሲነካ የሚረጋ ዝናብ ተተነበየ፣ ሌላው የአይስላንድ ማረፊያ አኩሬይሪ ደግሞ በረዶ። ፊቱም ኋላውም በሩን ዘግቷል።

ሦስተኛው ቀን የባለቤቱ ወኪል ከባሕረ ሰላጤው ደወለ። ሐሙስ የጌታው ልጅ ሰርግ ነው፣ አውሮፕላኑ ለእንግዶች መታየት አለበት። በትሕትና ጀመረ። ከዚያ «ሌላ አብራሪ እልካለሁ» አለኝ። «ይላኩ፤ እሱም ቢሆን እዚሁ ሆቴል ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው» አልኩት። ከዚያ ስንት እንደሚጨምርልኝ ነገረኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጥሩን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ረዳቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ያየኛል። ወጣት ነው፣ ሁለት ልጅ አለው። እሱን ባላይ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። «አይሆንም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ ቆረጠምን።

አምስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ተከፈተ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ደረስን። ከዚያ ደንበኛ ሁለተኛ ስልክ አልመጣልኝም፣ ለወራትም ገቢዬ ቀነሰ። «ትክክል የሠራ ይሸለማል» ብዬ ብዋሻችሁ ነገ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ስንደርስ ሙቀቱ 30 አልፏል። የባለቤቱ አገር የምዝገባ ቁጥር ጭራው ላይ ከፋብሪካ ተቀብቷል፣ በላዩ ግን ለመንገድ ብቻ የተሰጠን በ«ኤን» የሚጀምር የአሜሪካ ቁጥር በስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩን መላጥ የእኛ ሥራ ነው። ካናዳ ብርድ ላይ እንደ ድንጋይ የነበረው ሙጫ እዚያ እንደ ማር ይሳባል። እኔ ውጭ በጥፍሬ ስፍቅ፣ ረዳቴ ላስቲኩንና ጨርቁን አወጣ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ለመጨረሻ ጊዜ ልትጠርግ ገባች። ወኪሉ ባትሪውን ይዞ ከመኪናው እየወረደ ነው። እያንዳንዷን ስፌት ሊያይ ነው፣ በዚያ ላይ ተቀይሞኛል።

ልጅቷ ከበሩ ብቅ ብላ መዳፏን ከፈተች። አንዲት የገብስ ቆሎ። ከወንበሩ ሐዲድ ሥር ነው ያገኘቻት።

«ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎ ናት?» አለችኝ፣ በጥርት ያለ አማርኛ።

ክው አልኩ። «የእኔ ናት» አልኳት።

ወኪሉ ደረጃው ጋ ደርሷል። መዳፏን ጨበጥ አድርጋ እጇን ኪሷ ከተተችና ወደ ጎን ቆመች። እሱ ገባ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈተሸ፣ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ «ጉድለት የለም» ብሎ ፈረመ። እኔንም ሳያየኝ ሄደ።

«አውሮፕላኑ የእርስዎ ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

«አይ፣ አድራሽ ነኝ።»

«ሌላ የለዎትም?» አለች፣ ዓይኗ ከረጢቴ ላይ ነው። ከነከረጢቱ ሰጠኋት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።